መንገዱ ሲዘጋ፦ በአፍሪካ በሳይክል ስለመጓዝ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በ2023 ኅዳር ወር ላይ ከአዲስ አበባ በሳይክል ወጣሁ። ሐሳቤ ኬፕታውን መድረስ ነበር። ከተመለስኩ ወዲህ ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። አንዳንዱ በቴሌግራም ይጽፋል፣ አንዳንዱ ሳይክሌን መንገድ ላይ አይቶ ያስቆመኛል። ጥያቄዎቹ ተመሳሳይ ናቸው። አብዛኞቹ ደግሞ ስለ ጉልበት ወይም ስለ ሳይክሉ ዋጋ አይደሉም። «ያሰብኩት መንገድ ቢዘጋብኝስ?» የሚሉ ናቸው። መጠየቅም ያለበት ይሄ ነው። ስለዚህ መልሴን አንድ ላይ አስቀመጥኩት።

ዓመተ ምሕረቶቹን የጻፍኩት በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ዝናቡን ግን በእኛ ወር ነው የምቆጥረው።

ከካይሮ እስከ ኬፕታውን በሳይክል መሄድ አሁን ይቻላል?

ጎማ ከመሬት ሳይነሳ፣ አንድም ቦታ ሳይዘለል ከሆነ አይቻልም። ምክንያቱ የሱዳን ጦርነት ነው። ካርቱም ላይ ኤፕሪል 15 ቀን 2023 የተነሳው ውጊያ መስመሩን ከመሐል ቆርጦታል።

ድሮ መንገዱ እንዲህ ነበር። ከካይሮ ዓባይን ይዞ አስዋን፤ ከዚያ የናስርን ሐይቅ በመርከብ ተሻግሮ ዋዲ ሐልፋ። በ2014 በቁስጡል በኩል የየብስ ድንበር ሲከፈት መርከብ መጠበቅ ቀረ። ከዋዲ ሐልፋ ካርቱም፣ ገዳሪፍ፣ ገላባት፣ ከዚያ መተማ ገብቶ ጎንደር። ጎንደር የደረሰ ሳይክለኛ ባህር ዳርን አልፎ የዓባይን በረሃ ከደጀን እስከ ጎሃ ጽዮን ወርዶ ይወጣል። አሁን ግን የእኛም ወገን ሰላም አይደለም። ከኦገስት 2023 ጀምሮ በአማራ ክልል ባለው ግጭት ምክንያት ያንን መስመር በሳይክል ሂዱ ብዬ ማንንም አልመክርም።

በዚያ መንገድ ያለፉ ሰዎች ሲያወሩ ከፒራሚድ ይልቅ የሱዳንን ሰው ነው የሚያነሱት። በበረሃው ዳር ለማንኛውም መንገደኛ ተብሎ ውሃ የተሞላ የሸክላ ጋን ይቀመጣል። ዚር ይሉታል። ማን እንዳስቀመጠው አይታወቅም፣ ሒሳብ የሚጠይቅም የለም። መንገዱ ሲዘጋ እኛ የጉዞ መስመር ነው ያጣነው፤ እነሱ ቤታቸውን። ይሄን ሳላነሳ ስለ ካርታ ማውራት አልወድም።

ታዲያ ሰዎች ሱዳንን እንዴት ነው የሚያልፏት?

ሦስት መንገድ አለ። ቀላሉ ከግብፅ በአውሮፕላን አዲስ አበባ ወይም ናይሮቢ ገብቶ ከዚያ መቀጠል ነው። ሁለተኛው በሳዑዲ መዞር ነው። ከግብፅ ከሳፋጋ ወደብ ወደ ዱባ የሚሻገር መርከብ አለ። ሳዑዲ ከሴፕቴምበር 2019 ወዲህ የቱሪስት ቪዛ ስለምትሰጥ ከዱባ እስከ ጅዳ ፔዳል እየመቱ ወርዶ ከጅዳ መብረር ይቻላል። ሦስተኛው ምሥራቁን ትቶ የምዕራቡን ዳርቻ መያዝ ነው።

ሁለተኛውን የሚመርጥ ሰው ጅዳና ሪያድ የእኛን ሰው በብዛት እንደሚያገኝ ልንገራችሁ። አማርኛ ሰምታችሁ እንጀራ ሳትበሉ ከጅዳ አትወጡም።

የምዕራቡ መስመር ይሻላል ማለት ነው?

ይረዝማል፣ ድንበሩ ይበዛል፣ ቪዛውም ኪስ ይጎዳል። ግን ከሞሮኮ ተነስቶ ምዕራብ ሰሃራን፣ ሞሪታንያንና ሴኔጋልን አልፎ ባሕሩን ይዞ መውረድ ይቻላል። ሰሃራ ላይ ነፋሱ ከሰሜን ስለሚነፍስ ወደ ደቡብ የሚሄድ ሰው ከኋላው ይገፋዋል። እዚያ ላይ አቅጣጫ መገልበጥ ራስን መቅጣት ነው።

እዚያም የተዘጋ አለ። የአልጄሪያና የሞሮኮ የየብስ ድንበር ከ1994 ጀምሮ እንደተዘጋ ነው። ማሊ ከ2012 ወዲህ ለሳይክለኛ የሚሆን መንገድ የላትም ማለት ይቻላል። ቡርኪና ፋሶና ኒጀርም እንደዚያው። ከሞሪታንያ ወደ ሴኔጋል ሲገባ ደግሞ ሮሶ የሚባል ኬላ አለ፤ መንገደኛን በደላላ በማጨናነቅ ስሙ የጠፋ ነው። በዲያማ ግድብ በኩል ዞሮ መግባት ይቻላል፤ መንገዱ አፈር ስለሆነ በዝናብ ጊዜ ጭቃ ነው።

እኔ ያንን መስመር አልሄድኩትም። የማውቀውን መንገድ ላውራችሁ።

እቅዴን እንዴት ልሥራ?

አንድ ረጅም መስመር አታስምሩ። መንገዱን በቁራጭ ሥሩት። የእኔ ቁራጮች አዲስ አበባ–ናይሮቢ፣ ናይሮቢ–ኪጋሊ፣ ኪጋሊ–ምቤያ (ደቡብ ታንዛኒያ)፣ ምቤያ–ሊቪንግስተን (ዛምቢያ)፣ ሊቪንግስተን–ኬፕታውን ነበሩ። ቁራጩ የሚያልቅበት ቦታ አውሮፕላን ማረፊያ ወይም አስተማማኝ አውቶቡስ ያለበት፣ ገንዘብ የሚወጣበትና ሁለት ሦስት ቀን የሚያርፉበት ከተማ መሆን አለበት። አንዱ ቁራጭ ሲበላሽ ሌላው አብሮ አይበላሽም።

ሁለተኛው ነገር፣ ለእያንዳንዱ ቁራጭ ቢዘጋ የምትሄዱበትን ሌላ መንገድ ቤታችሁ ሆናችሁ በወረቀት ጻፉ። ድንበር ላይ ደክሞ፣ ተርቦ፣ ተናዶ የሚወሰን ውሳኔ ጥሩ አይሆንም። ደርሶብኝ አይቼዋለሁ።

ሦስተኛው ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል። ጊዜውን በኪሎ ሜትር አትቁጠሩ፤ በዝናብ ቁጠሩ። የተዘጋ ድንበር ራሱ አይደለም ጉዞ የሚያበላሸው። የሚወስደው ሦስት ሳምንት ነው። ያ ሦስት ሳምንት ከበጋ አውጥቶ ክረምት ውስጥ ይከታችኋል። በቀን 100 ኪሎ ሜትር ብላችሁ ካቀዳችሁ ደግሞ ቀድሞ ተበላሽቷል። ዕቃ በጫነ ሳይክል 60 ወይም 70 በሉ፣ ከሰባት ቀን አንዱን ዕረፍት አድርጉ፣ ከጠቅላላው ላይ ሩብ ያህል ጨምሩበት። ያ የተጨመረው ሩብ ለድንበር፣ ለጎማና ለተቅማጥ ነው።

ከአዲስ አበባ ብነሳ መቼ ይሻላል?

የእኛን ክረምት ሁላችንም እናውቃለን። ከሰኔ እስከ መስከረም ደጋው ላይ ሳይክል መንዳት ይቻላል፤ ግን አይመከርም። ችግሩ ሌላው ሀገር የእኛን ዝናብ አለመከተሉ ነው። ቦረናና ሰሜን ኬንያ ሁለት ዝናብ አላቸው። ረጅሙ ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ አጭሩ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ። ከታንዛኒያ መሐልና ደቡብ ጀምሮ ወደ ታች፣ ማላዊና ዛምቢያ ደግሞ ዝናቡ አንድ ነው፤ ከኅዳር ገደማ እስከ ሚያዝያ።

እኔ በኅዳር ወጣሁ። «መስቀል አለፈ፣ ብራ ነው» ብዬ። የአዲስ አበባን ሰማይ ነበር ያየሁት። ዓመቱ ደግሞ ኤል ኒኞ ነበር። ሰሜን ኬንያ ጎርፍ መንገድ ቆራርጦ፣ ሰውና ከብት ወስዶ ነበር። ያው ኤል ኒኞ በወሩ ማላዊን አደረቃት። በማርች 2024 የማላዊ መንግሥት በድርቅ ምክንያት የአደጋ ጊዜ አወጀ። በአንድ ጉዞ ውስጥ በአንዱ ሀገር ሳይክሌን ተሸክሜ ጎርፍ ተሻግሬ፣ በሌላው ፍሬ ሳይዝ የደረቀ በቆሎ መሐል አለፍኩ። ካርታው ላይ ሁለቱ ቦታዎች የአንድ መስመር ሁለት ነጥብ ናቸው።

ዛሬ ብነሳ በግንቦት መጨረሻ እወጣለሁ። አዲስ አበባ ክረምት ሳይገባ ወደ ስምጥ ሸለቆው እወርዳለሁ። ሰኔ ላይ ኬንያ የረጅሙን ዝናብ ጨርሳለች። ከዚያ ወደ ታች እስከ ጥቅምት በጋ ነው።

የሞያሌ መንገድ እንዴት ነው?

አስፋልት ነው። እስከ 2010ዎቹ አጋማሽ ድረስ ከሞያሌ ወደ ማርሳቢት ያለው ኮሮኮንች ሳይክል የሚፈታ፣ ሽፍታም የሚፈራበት ነበር። አሁን ከአዲስ አበባ እስከ ናይሮቢ ሙሉውን በጥቁር አስፋልት መሄድ ይቻላል። ከአዲስ አበባ ሞያሌ ወደ 770 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከሞያሌ ናይሮቢ ሌላ ያን ያህል።

በኛ በኩል ሙሉውን ፔዳል መትቼ አልሄድኩም። ዲላ ላይ ምሳ እየበላሁ የኤፍኤስአር ሹፌር አጠገቤ ተቀመጠ። ወዴት እንደምሄድ ነገርኩት። እጁን ታጥቦ፣ ጎርሶ፣ ከዚያ «ወንድሜ፣ እስከ ያቤሎ አትሞክረው፤ ና ጫነው» አለኝ። ጫንኩት። መንገዱ ላይ ሁለት ቦታ ተፈተሽን፣ አንድ ቦታ ረጅም ሰዓት ቆምን። ያ ሰው ባይነግረኝ ኖሮ እኔ ብቻዬን እዚያ እቆም ነበር።

ከሞያሌ በኋላ ያለው ነገር ነፋስ ነው። ቱርቢ የምትባለውን ከተማ ካለፋችሁ ዲዳ ገልገሉ የሚባል ጠጠር የለበሰ በረሃ ይመጣል። ዛፍ የለም። ነፋሱ ከደቡብ ምሥራቅ ይመጣል፣ ማለትም ፊት ለፊትና ከጎን። ፔዳል እየመታሁ በሰዓት 7 ኪሎ ሜትር የሄድኩበት ቀን ነበር። ቁልቁለት ላይ እንኳ ካልመታችሁ ሳይክሉ ይቆማል። የቱርካና ሐይቅ የነፋስ ኃይል ማመንጫ 365 ተርባይኖቹ የተተከሉት በዚሁ ማርሳቢት ካውንቲ ነው፤ ሰዎቹ ቦታውን በደንብ መርጠውታል። ሦስተኛው ቀን ላይ አንድ የውሃ መውረጃ ቱቦ ውስጥ፣ ከመንገዱ ሥር ገብቼ ምሳ በላሁ። አንዲት የገብራ ጎሳ እናት ከሁለት ፍየል ጋር ቀድማኝ ተቀምጣ ነበር። «ናጋያ» አልኳት። መለሰችልኝና ከፌርሙዝ የግመል ወተት ያለበት ሻይ ቀዳችልኝ። እዚያ አካባቢ ኦሮምኛ የሚችል ሰው ቤቱ እንዳለ ነው።

ሳይክል ለማሳለፍ እንደ መኪናና እንደ ሞተር የጉምሩክ ዋስትና ወረቀት አያስፈልግም። ይሄ ትልቅ ነፃነት ነው። መኪና ይዞ የሚጓዝ ሰው መንገዱ ሲዘጋበት ወረቀቱም ይዘጋበታል። እኛ ግን በፈለግነው ኬላ እንገባለን።

ድንበር ደርሼ ተዘግቶ ቢጠብቀኝ ምን ላድርግ?

የእኔን ታሪክ ልንገራችሁ፣ ስህተቱ ውስጡ አለ።

ከኪጋሊ ወደ ደቡብ ወርጄ ቡሩንዲ ልገባ ነበር። ከቡጁምቡራ የታንጋኒካን ሐይቅ ዳር ዳሩን ይዤ ኪጎማ። ለዓመታት ያሰብኩት መንገድ ነው። የሐይቁን ፎቶ ስልኬ ላይ አድርጌው ነበር። ኪጋሊ በገባሁ ማግስት ጠዋት የማደሪያው ጥበቃ ሳይክሌን አየና «ቡሩንዲ? ተዘግቷል እኮ» አለኝ። ጃንዋሪ 2024 ነበር። ቡሩንዲ ከሩዋንዳ ጋር ያላትን የየብስ ድንበር ዘግታለች። ምክንያቱ የሁለቱ መንግሥታት ጠብ ነው፤ ከ2015 በኋላም ለዓመታት ተዘግቶ ነበር የቆየው።

ያደረግኩት መጠበቅ ነው። «ይከፈታል» ይሉኛል፣ እጠብቃለሁ። ዘጠኝ ቀን ጠበቅሁ። ማታ ማታ ዜና አያለሁ። ገንዘብ ይወጣል፣ እግሬ ይደክማል። ቁጭ ብሎ የሚደክም እግር አለ። ያ ዘጠኝ ቀን ታንዛኒያ ላይ ጭቃና ነጎድጓድ ሆኖ ነው የተከፈለው።

አሁን የምለው ይሄ ነው። መንግሥታት በጠብ የዘጉት ድንበር በቀናት አይከፈትም። ባትጠብቁት ይሻላል። ጎርፍ የወሰደው ድልድይ፣ የአንድ ከተማ ተቃውሞ፣ ምርጫ፣ የሰዓት እላፊ ከሆነ ግን ሦስት ቀን ጠብቁ። ሦስተኛው ቀን ማታ ላይ ካልተፈታ በጠዋት አዙሩ። ቁጥሩን ቀድማችሁ ለራሳችሁ ንገሩት።

ድንበር ጠባቂውን አትለምኑ፣ ገንዘብም አትስጡ። በጫካ በኩል የሚያሻግር ሰው አይጠፋም። እሺ እንዳትሉ። መግቢያ ማህተም የሌለው ፓስፖርት መውጫው ላይ ያስራል።

እኔ በመጨረሻ ወደ ምሥራቅ ዞርኩ። ከኪጋሊ እስከ ታንዛኒያ ድንበር፣ ሩሱሞ፣ ወደ 160 ኪሎ ሜትር ነው። ሩሱሞ ላይ የካጌራ ወንዝ ከድልድዩ ሥር ይወድቃል። ድምፁ ኢሚግሬሽኑ መስኮት ድረስ ይሰማል። ማህተም የመታችው ልጅ ሳይክሌን አይታ ወጣች፣ ጎማውን በጣቷ ጫን አድርጋ «ንፉው» አለችኝ። ልክ ነበረች። ከዚያ ካሃማ፣ ንዜጋ፣ ሲንጊዳ፣ ዶዶማ። ሐይቅ የለም፤ ሜዳ ነው። ግን ሲንጊዳ አካባቢ እንደ ቤት የገዘፉ ቋጥኞች እርስ በርስ ተደጋግፈው ሲቆሙ አየሁ። ይሄ መንገድ በየትኛውም እቅዴ ውስጥ አልነበረም። ከሁሉም ቀናት የማስታውሰው እነዚያን ነው።

መንገድ መዘጋቱን ማንን ልጠይቅ?

የጭነት መኪና ሹፌር። ከዚያ የአውቶቡስ ረዳት። ከዚያ ቀን ሙሉ ስልክ ይዞ የሚውል የነዳጅ ማደያ ሠራተኛ። የኤምባሲ ማስጠንቀቂያ ይጠቅማል፤ ግን ሰፋ አድርጎ ነው የሚከለክለው፣ ዘግይቶም ነው የሚያነሳው። ሹፌሩ ትናንት ነው ያለፈው።

አጠያየቅ አለው። «መንገዱ ደህና ነው?» ካላችሁ ሁሉም ሰው በጨዋነት «ደህና ነው» ይላችኋል። «አንተ መቼ አለፍክ? በቀን ነው በማታ? የት ቆማችሁ? ወንድምህ ቢሆን በሳይክል ትልከዋለህ?» ብላችሁ ጠይቁ። የመጨረሻው ጥያቄ ላይ ፊቱን እዩት። ሁለት ሰው ተመሳሳይ ነገር ካልነገራችሁ ሦስተኛ ጠይቁ።

መኪና ላይ ከጫንኩ ጉዞው ተበላሸ ማለት አይደለም?

አይደለም። ይሄን ከልቤ ነው የምለው፤ ምክንያቱም «እያንዳንዷን ኪሎ ሜትር» ብለው ሕይወታቸውን አደጋ ላይ የጣሉ ሰዎች አግኝቻለሁ። ማንም አይቆጥርላችሁም። እኔ ዲላ ላይ ጭኛለሁ፣ ታንዛኒያ ላይም ሁለት ጊዜ በዝናብ ምክንያት ጭኛለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልምከራችሁ። የምትጭኑበት ምክንያት ከሦስት አይብዛ፦ ጸጥታ፣ ሕመም፣ የጠፋ ጊዜ። ድካም ሲሆን እዚያው እደሩ፤ ጠዋት ሌላ ሰው ሆናችሁ ትነሳላችሁ።

አጫጫኑን ላሳያችሁ። ዋጋ ሳይክሉ ከመሬት ሳይነሳ ጨርሱ። ጣሪያ ላይ ከወጣ በኋላ የሚነገር ዋጋ ሌላ ነው። የቦርሳዎቻችሁን ዋና ዋና ይዛችሁ ግቡ። ሰንሰለቱና ማርሹ ያለበት ጎን ወደ ላይ ይሁን። ከሥሩ ካርቶን ወይም ጆንያ አንጥፉ። መሪውን አዙራችሁ እሰሩት። ማሰሪያ ደግሞ ከአሮጌ ከመነዳሪ የተቆረጠ ላስቲክ የሚያህል የለም፤ ይለጠጣል፣ ቀለም አይፍቅም፣ በየጎሚስታው በነፃ ይገኛል። እኔ አራት ቁራጭ ኮርቻው ሥር ጠምጥሜ እይዛለሁ። ረዳቱ ሲያስር አብራችሁ ጣሪያ ላይ ውጡ። በየፌርማታው ወርዳችሁ ቀና ብላችሁ እዩ።

ከምቤያ ወደ ዛምቢያ ወይም ወደ ዳሬሰላም ታዛራ የሚባለው ባቡርም አለ። ቻይናዎች በ1970ዎቹ የሠሩት፣ ከዳሬሰላም እስከ ካፒሪ ምፖሺ 1,860 ኪሎ ሜትር። የሚቋረጥበት ጊዜ ስላለ ጣቢያው ሄዳችሁ ሳታረጋግጡ አትመኑት።

ሳይክሉ ቢሰበርስ?

ይሰበራል። ስለዚህ ሊጠገን የሚችል ሳይክል ያዙ። ባለ 26 ኢንች ቸርኬ ያለው ጠንካራ የብረት ሳይክል በየገጠሩ ጎማ ያገኛል። ቫልቮላው የመኪና ዓይነት ይሁን፤ ጎሚስታው ጋ ያለው መንፊያ እሱን ነው የሚያውቀው። ቀጭኑ ዓይነት ካላችሁ ትንሿን ማስተካከያ ሁለት ያዙ፤ አንዷ ትጠፋለች።

ሰሜን ኬንያ ላይ ጠጋኝ የለም። ምዕራብ ኬንያ፣ ኡጋንዳና ማላዊ ግን ሳይክል ታክሲ ነው። ቦዳ ቦዳ የሚባለው ቃል ራሱ በኬንያና በኡጋንዳ ድንበር መሐል ሰው በሳይክል ከሚያመላልሱ ልጆች የመጣ ነው። ማላዊ ላይ ካባዛ ይሉታል። ሳይክል ታክሲ ባለበት መንገድ ሁሉ ዛፍ ሥር ጠጋኝ አለ። ሰሜን ማላዊ፣ ካሮንጋ ላይ የኋላ ቸርኬዬ ሁለት ሽቦ ተበጥሶ አንድ ሽማግሌ በመዳፉ እያሽከረከረ፣ በጆሮው እየሰማ አስተካከለልኝ። ሽቦዎቹን እንደ ክራር ነው የሚነካካቸው።

የማታገኙት መለዋወጫ ይህ ነው፦ የማርሽ ሽቦ፣ የፍሬን ላስቲክ፣ የሰንሰለት ማያያዣ፣ ለሳይክላችሁ ልክ የተቆረጠ የቸርኬ ሽቦ። እነዚህን ከቤት ያዙ። ከመነዳሪ ሦስት፣ ማስቲሽ ሁለት።

ዝሆንና አንበሳ አያስፈራም?

መንገዱ ላይ ከሁሉም የሚያስፈራው አውቶቡስ ነው። መስታወት ግዙና መሪው ላይ ግጠሙ፤ ሁለት መኪና ሲተላለፉ አስፋልቱን ለቃችሁ ውረዱ።

ዝሆን ግን እውነት ነው። በቦትስዋና ከናታ እስከ ካሳኔ ወደ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ያለው መንገድ አጥር የለውም። ቦትስዋና ደግሞ ከ130,000 ያላነሰ ዝሆን አላት፣ ከዓለም አንደኛ። እዚያ ከጠዋቱ 2 ሰዓት በፊትና ከ10 ሰዓት በኋላ አይነዳም፤ ቁጥቋጦ ውስጥም አይታደርም። ዝሆን መንገድ ዳር ካለ ቆማችሁ ጠብቁ፤ መኪና ሲመጣ በመኪናው ሽፋን እለፉ። ታንዛኒያ ሚኩሚ ላይም ዋናው መንገድ ፓርኩን ሰንጥቆ ያልፋል። እዚያ ጫኑት።

የእኛ ሀገር ልጆች ድንጋይ ይወረውራሉ የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው፤ መደበቅ አይጠቅምም። እኔንም ወርውረውብኛል። ሔልሜትና መነጽር ያደረገ ሰው ፈረንጅ ይመስላቸዋል። በአማርኛ ስናገር ደንግጠው ይስቃሉ።

የሠራልኝ ነገር ቀድሞ ሰላም ማለት ነው። መጀመሪያ ልጆቹን አይደለም፣ አጠገባቸው ያሉትን ትልቅ ሰው። «አባቴ፣ እንዴት ዋሉ?» ስትሉ እሳቸው ከእናንተ ወገን ይሆናሉ፤ ልጆቹን እሳቸው ይቆጣሉ። ኦሮሚያ ላይ «አካም ጅርቱ» ይሁን። ዳገት ላይ ስትደክሙ ውረዱና እየገፋችሁ ከልጆቹ ጋር አውሩ። የሚገፋ ሰው ላይ አይወረወርም። አብዛኛውን ጊዜ ሳይክሉን እነሱ ይገፉታል።

ቪዛ እንዴት ነው?

ኬንያ ለኢትዮጵያ ፓስፖርት ቪዛ አትጠይቅም። ሩዋንዳም በ2023 ለአፍሪካውያን ሁሉ አንስታለች። ሌላውን አገር ከመድረሳችሁ አንድ ሁለት ሳምንት ቀድሞ እንጂ ከቤት አትጨርሱት። ቪዛው ቀን ይቆጥራል፤ መንገዱ ግን ያዘገያችኋል። በውጭ ፓስፖርት ለምትመጡ የኬንያ፣ የኡጋንዳና የሩዋንዳ የጋራ ቪዛ 100 ዶላር ነው፣ ለ90 ቀን። የትውልድ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ያላችሁ ወደ ሀገር ለመግባት ቪዛ አያስፈልጋችሁም። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ግን ከፓስፖርቱ ጋር ይታሰር፤ ኬላ ላይ ይጠየቃል።

ብታመምስ?

ቆላ ከወረዳችሁ በኋላ የሚመጣ ማንኛውም ትኩሳት እስኪመረመር ድረስ ወባ ነው ብላችሁ ያዙት። እኔን ዶዶማ ያዘኝ። ድካም መስሎኝ አንድ ቀን ነዳሁበት። በማግስቱ ማደሪያዬ ውስጥ ሦስት ብርድ ልብስ ለብሼ ጥርሴ ይንቀጫቀጭ ነበር። የማደሪያው ባለቤት እማማ ናቸው በባጃጅ ጭነው ጤና ጣቢያ የወሰዱኝ። ምርመራው ከጣት ደም ነው፤ ብዙም ሳይቆይ ውጤቱ ይደርሳል። በሽታ የበላውን ሳምንት በእግር ለመመለስ አትሞክሩ። ያኔ ነው መኪና የሚጫነው።

በመጨረሻ ኬፕታውን ደረስክ?

አልደረስኩም። ማርች 2024 መጨረሻ ላይ ማላዊ፣ ንካታ ቤይ ገባሁ። ከሥራ የወሰድኩት ፈቃድ አልቆ ነበር። ዘጠኙ የኪጋሊ ቀናት፣ የዶዶማው ሳምንትና የታንዛኒያ ዝናብ ተደምረው ሁለት ወር ያህል ሆኑ። ሐይቁ ዳር ሁለት ቀን ተኛሁ። ታንጋኒካ አይደለም፣ ግን ሐይቅ ነው። ማታ ዓሣ አጥማጆቹ በየጀልባው ላይ መብራት ያበራሉ፤ ውሃው ላይ ሌላ ከተማ ያለ ይመስላል። ከዚያ በአውቶቡስ ሊሎንግዌ ሄጄ ሳይክሉን ካርቶን ውስጥ አስገብቼ በአውሮፕላን ተመለስኩ። ፔዳል ስትፈቱ የግራው በተቃራኒ እንደሚፈታ አትርሱ፤ እኔ ረስቼ ግማሽ ቀን ታገልኩት።

የቀረው ከሊሎንግዌ በምቺንጂ ወደ ቺፓታ፣ ሉሳካ፣ ሊቪንግስተን፣ ከዚያ በ2021 በተከፈተው የካዙንጉላ ድልድይ ቦትስዋና፣ ናሚቢያ፣ ኬፕታውን ነው። ሰንሰለቱን ቀይሬዋለሁ። የኋላ ጎማውም አዲስ ነው። ለካዙንጉላ ቁራጭ የሚሆን ሌላ መንገድ በዚምባብዌ በኩል ወረቀት ላይ ጽፌያለሁ። ሰኔ ላይ፣ እዚያ በጋ ሲሆን፣ ካቆምኩበት እቀጥላለሁ።